እሳትን አንድ ሰዓት የሚችል ጣሪያ

ብምል ብገዘት እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን ልንገራችሁ። ግራዝማች ወንድይራድ፣ ጎናቸውን ካላዞሩ ጢማቸው በር የማያሳልፋቸው ትልቅ ሰው፣ የድግስ አዳራሽ ያሠሩ ነበር። አናጢው ጣሪያውን የተሸከሙትን ወራጆች በወፍራም ጀሶ ይመርግ ጀመር። ግራዝማች ባለቤታቸውንና፣ ቄሱንና ባላምባራሱን ጨምሮ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ሊጎበኙ ገቡ።

«ይኼ ሁሉ ልስን ለምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እሳት ቢነሣ ጣሪያው አንድ ሰዓት ሳይወድቅ እንዲቆይ ነው።»

«አንድ ሰዓት! ሰው እግር የለውም? ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ወጥቶ ያልቅ የለም እንዴ! በል አሁኑኑ አሳምነኝ፤ አለዚያ ከነመጋዝህ ከደጄ ጥፋ!»

አናጢው እንጀራው ከእጁ ሊወጣ መሆኑን አየ። ወራጁ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ እንደተቀመጠ ራሱን አከከ።

«እሺ ጌታዬ፤ አሁን እሳት ተነሥቷል እንበል። እስቲ ውጡ።»

ግራዝማች እየሳቁ ከፊት ሆነው በሩ ጋ ደረሱና ቆሙ።

«አባ፣ ይለፉ» አሉ ቄሱን።

«ኧረ በፍጹም! ከእርስዎ ቀድሜ?»

«በሞቴ ይለፉ!»

«አይደረግም! ይልቅ ባላምባራስ ይቅደሙ።»

«እኔ? እናንተ ቆማችሁ? ምን በወጣኝ!» አሉ ባላምባራስ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፤ የኋላውን ሰው ሁሉ ከግድግዳ አጣበቁት።

ግራዝማች እንደገና ቄሱን ለመኑ፤ ቄሱም እንደገና እምቢ አሉ። ፀሐይዋ ከበሩ ግራ ተነሥታ ቀኙን ያዘች። አናጢው እግሩን ያወዛውዛል።

በመጨረሻ ከኋላ የታፈኑት የግራዝማች ባለቤት ወደ ጣሪያው አንጋጠው ጮኹ፦

«ኧረ አንተ ሰው፣ ሁለት ሰዓት አድርገው!»