ለቋሚ የተነፋ ጡሩንባ

አንዲት ሴትዮ ማልዳ ተነሳችና ፊቷን ልትታጠብ ወደ እንስራዋ ሄደች።

ይኼ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። ሁላችንም ማልደን እንነሳለን፤ ሁላችንም ፊታችንን እንታጠባለን። ግን ስሙኝማ ልጆቼ፤ እንስራው አፍ ላይ አንድ ነገር ተጠቅልሎ አገኘች። ጥቁር ክር ነው። ማተብ። የልጅ ልጇ ማተብ።

ሴትዮዋ አንጓች ትባላለች። ከቁልቁለት ራስ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና ከተማዋን ይውጣታል፤ ቤት ከቤት አይተያይም፤ ዶሮው ሲጮኽ እንኳ ድምፁ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ይመስላል። ልጅቱ ትርንጎ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ። እናቷ ወልዳት በአርባ ቀኗ ስለሞተች፣ አሮጊቷ በላም ወተትና በጸሎት አሳድጋታለች።

አንጓች ክሩን አነሳችው። የልጅ አንገት ሙቀት ገና ያልለቀቀው መሰላት። ዞር ብላ መደቡን አየች። ባዶ ነው። ጣሪያው ብቻ እንደ ልማዱ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ጠብ… ጠብ… ይላል።

ያን ጊዜ የማታው ወሬ ትዝ አላት።

«እማ፣ በሚመጣው ክረምት ይቺ ቤት አታፈስም» ብላት ነበር ልጅቱ።

«በምን ቆርቆሮ ነው የማታፈሰው?»

«ዝም ብለሽ እያት» ብላ ሳቀች።

ደግሞም ሸጋው የሚባለው የሰፈሩ ሰው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደጃፏ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ «አይ እማማ፣ ይቺ ጣሪያማ ልጅ ላሳደገ አትገባም» ሲል ከርሟል። አሮጊቷም «ተባረክ» ስትለው ከርማለች። ተባረክ! አያችሁ? ተኩላ ሁሌ በጥርሱ አይመጣም፤ አንዳንዴ በአዛኝ አፍ ይመጣል። ክፉ ልጅ እልኸኛ ስለሆነች ትጠፋ ይሆናል፤ ደግ ልጅ ግን የምትጠፋው በደግነቷ ነው።

ሸጋው ልጆችን ማተባቸውን እያስፈታ ወደ ዐረብ አገር በጠረፍ እንደሚያሻግር አንጓች ሰምታ ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሰምቶ ምን አደረገ? ቆይ፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን ምን ታድርግ? የፖሊስ ኬላው ከከተማዋ ማዶ ነው፤ የእሷ እግር እዚያ እስኪደርስ ፀሐይ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ ጉሙ። ጉም ሳይገለጥ ያን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር የለም። የሚወስዳት መኪና የትም ይሁን የት ቆሟል። ጉሙ እስኪገለጥ ጊዜ አላት። እንግዲህ ክሩን ጨብጣ፣ ጫማዋን እንኳ በትክክል ሳትጫማ፣ ወደ እድሩ ጡሩንባ ነፊ ወደ ደርሶ ቤት ሮጠች።

«ደርሶ! ደርሶ! ጡሩንባህን አውጣ!»

ደርሶ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። «በስመአብ! ማን አረፈ?»

«ማንም።»

«ማንም? እትዬ አንጓች፣ ደህና አድረሻል?»

«ትርንጎን ሸጋው ይዟት ሊሄድ ነው። ማተቧን አስፈትቷታል። ንፋ!»

«እንዴት ብዬ! ለቋሚ ጡሩንባ ይነፋል? ሟርት ነው እኮ! በልጅቱ ላይ ሞት መጥራት ነው! ደግሞ ደንቡን ታውቂያለሽ፤ ሳይሞት ሞተ ብሎ እድርተኛ ያስወጣ ይሰረዛል። በዚህ ዕድሜሽ ተሰርዘሽ ማን ይቀብርሻል?»

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አሮጊት ሴት ስለ ምን ትጨነቃለች? ስለምትበላው ነው? ስለምትለብሰው ነው? አይደለም። ማን እንደሚያጥባት፣ ማን እንደሚገንዛት፣ ማን እንደሚሸከማት ነው። አንጓች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድም ቀብር አልቀረችም። ሳጥኗ ውስጥ የመገነዣዋ አቡጀዲ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በየፋሲካው አውጥታ ታናፍሰዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ያንን ሁሉ ነው ደርሶ በአንድ ቃል የነገራት። ሟርቱስ? ሞት ጠርታባት፣ ሞቱ መጥቶ ቢወስዳትስ?

እጇን ከፈት አድርጋ ክሩን አየች።

«ንፋው» አለች። «እኔን ጅብ ይብላኝ።»

ደርሶ ነፋ።

ወየው፣ ያ ድምፅ! ጉም ውስጥ ሲገባ አቅጣጫ የለውም፤ ከሰማይ ይውረድ፣ ከገደል ይውጣ አይታወቅም። በሮች ተከፈቱ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከነጩ ጉም ውስጥ ነጭ ነጭ ሆኖ ይወጣ ጀመር፤ ጉሙ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«አንጓች ቤት ነው አሉ።»

«ውይ በሞትኩት! እሷ ራሷ ናት?»

«እሷማ ያቻት፣ ፊት ፊት ትሄዳለች!»

«ታዲያ ሬሳው የታለ?»

ከኋላ አንድ ድምፅ መለሰ። «ሬሳው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቆሎ ይቆረጥማል።»

ሰዉ ዞሮ አየ። ስንዱ ናት። ስንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ከዐረብ አገር የተመለሰች፣ አንድ እጇ በደንብ የማይታጠፍ፣ ከሰው የማትገባ ልጅ ናት። ወይስ ሰው ነው ወደ እሷ የማይገባው? «ምን ሆና እንደመጣች ማን ያውቃል» እያለ፣ ልጆቹን ከደጃፏ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው ያ ሁሉ።

«ወደ መናኸሪያ አትድከሙ» አለች ስንዱ። «እኔንም ከዚያው ከወፍጮ ቤት ጀርባ እንጂ ከመናኸሪያ አልጫኑኝም። አንዳችሁ ወደ ኬላው ሩጡና ገመዱን አትልቀቁ በሉልኝ።»

ሄዱ። እግር ብቻ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል። አንጓች ፊት ፊት እየሄደች ሁሉ ነገር ሕልም መሰላት። የምትሸኘው የልጅቱን አስከሬን ነው ወይስ የራሷን? ወደ ኋላ ብትዞር ያ ሁሉ ሰው ተንኖ የሚጠፋባት መሰላትና አልዞረችም። ክሩን ብቻ ጨበጠች።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሁለት ቢጫ መብራት ጉሙ ውስጥ ተንሳፍፎ ታየ። ሚኒባሱ ነው። በሩ ተከፈተ። ሸጋው ወረደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእኛ አገር ሰው ጡሩንባ ሰምቶ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሕዝብ ሲመጣ አይቶ ምን ያደርጋል? ከበቅሎ ይወርዳል፣ ከመኪና ይወርዳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ጥቂት ርምጃ ይሸኛል። ደላላም ቢሆን የእናቱ ልጅ ነው! ሸጋውም እድርተኛ ነበር። ስንቱን ቃሬዛ ተሸክሟል። ኮፍያውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ፣ ከሰዉ ጋር ገባና አጠገቡ ያለችውን ሴት በሐዘን ድምፅ ጠየቃት።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው ያረፈው?»

አጠገቡ ያለችው አንጓች ነበረች።

«ትርንጎ» አለችው።

ሸጋው ክው አለ። «ኧረ! ትርንጎማ አሁን…» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

ዞሮ አየ። እሱ ወዳየበት ሕዝቡ ሁሉ አየ። አፉን ቢይዝም አንገቱ መሰከረበት።

መኪናው ውስጥ አራት ልጆች ነበሩ። ትርንጎ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ባዶ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና። ከኬላው ፖሊሷ ሳጅን ወርቅውሃ እያለከለከች ደረሰች።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት ትርንጎን።

ልጅቱ ያስጠኗትን ሌላ ስም እንደ ዳዊት ደገመችው። «ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው» ብላም ጨመረች።

«ሃያ አምስት!» ብላ ጮኸች አንጓች። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ! የወተት ጥርሷን ያቺ የምታፈስ ጣሪያዬ ላይ የወረወርኩት ትናንት አይደል እንዴ!»

ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሕዝብ ሳቀ። ትርንጎ ግን አለቀሰች። «ለጣሪያው ብዬ ነው እኮ፣ እማ» አለች።

አንጓች አልተቆጣቻትም። ማተቡን መልሳ አሰረችላት።

ሳጅኗ ሸጋውን ስታስር አንድ ጎረምሳ ዱላውን አነሳበት፤ እሷም እጁን ያዘችው። «ዱላህን አስቀምጥ። ይልቅ ቃልህን ስጠኝ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን መኪና ስፈልግ የከረምኩት፣ የት እንደሚቆም የሚነግረኝ አንድ ሰው አጥቼ ነው። እናንተ ግን ታውቁ ነበር። አይደለም?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። የዚያን ቀን እውነተኛው ለቅሶ ይሄኔ ነው የተጀመረው።

ከሌሎቹ ሦስት ልጆች አንዷ «ለእኔስ ጡሩንባ የሚያስነፋልኝ ማን አለኝ?» ብላ ቀስ ብላ ጠየቀች።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ቢያድግልኝ መነጽሩን አድርጎ ደንቡን ከፈተ። «ደንብ ደንብ ነው» አለ። አንጓችም ተነሳችና «ሰርዙኝ። አላኮርፍም። ልጄን አግኝቻለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ስንዱ ተነሳች። በሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት ስትናገር ይህ ሁለተኛዋ ነው።

«እኔ ስሄድ ጡሩንባ አልተነፋም» አለች። «ስመለስም ድንኳን አልተጣለም። ሞቼ ቢሆን ሦስት ቀን ትቀመጡልኝ ነበር። በሕይወት ስለመጣሁ አንድ ሰው እንኳ ደጄን አላንኳኳም። እስቲ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ደንቡ ላይ የእኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

አቶ ቢያድግልኝ መዝገቡን አገላበጠ። አገላበጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና መዝገቡን ዘጋው። የአንጓች ስም አልተሰረዘም፤ የተሰረዘው አንቀጹ ነው።

በማግስቱ ስንዱ ደጃፍ ድንኳን ተተከለ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ! ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው መጡ፣ ወንዶቹ ወንበር ተሸክመው መጡ። «ምን ሆነሽ ነበር?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ ለቅሶ ቤት እንደዚያ አይጠየቅማ፤ ዝም ብሎ አብሮ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን አልተናገረችም። በሁለተኛው ቀን ከንፍሮው ዘገነች። በሦስተኛው ቀን ተናገረች፤ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲያ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይዛት ሄዳ እጇን አሳከመቻት።

ሦስቱ ልጆች በእድርተኛ ቤት አረፉ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሁለቱን ቤተሰብ አፈላልጎ አገናኛቸው። ያቺ የጠየቀችዋ ግን ፈላጊ አልተገኘላትም፤ ዛሬ ከስንዱ ጋር ትኖራለች።

የድንኳኑ ሸራስ? ለቅሶ እስኪመጣ ግምጃ ቤት ገብቶ አይጥ ከሚበላው ብለው፣ አንጓች ጣሪያ ላይ ዘረጉት። የዚያን ክረምት ሳህኗ ደረቀ።

አሁን በዚያች ከተማ ልጅ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ከቀረች መምህሩ ለእድሩ ይናገራል፤ እድሩ ለሳጅን ወርቅውሃ፣ ሳጅኗ ለኬላው። ጡሩንባውም ሁለት ዓይነት ሆኗል፤ ለሞተ ረዥም፣ ለሚጠፋ ሁለት አጫጭር። ሁሌ ይደርሳሉ? አይደርሱም። ባለፈው ጥቅምት ደርሶ ሲነፋ ጉሙ ተገልጦ ነበር፤ አንዲት ልጅ ሄዳለች። ስሟ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ ከሟቾቹ ጋር አይደለም፤ ከሚጠበቁት ጋር ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወደ እናንተ ልመለስ።

የእናንተ ጡሩንባ የሚነፋው መቼ ነው? ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው? ለሬሳ ድንኳን አለን፣ ለሬሳ ወንበር አለን፣ ለሬሳ ሥራ እናቆማለን። ለቋሚውስ ምን አለን? ወሬ አለን! «የእከሌ ልጅ ሄደች አሉ» እንላለን፤ ስትመለስ ደግሞ «ምን ሆና መጣች» እንላለን። በፍርድ ቀን ስንት ሰው ቀበራችሁ ተብለን ብቻ የምንጠየቅ ይመስላችኋል?

ሸጋውስ ከየት መጣ? ከባሕር ማዶ ነው የመጣው? ከመካከላችን ነው። ቃሬዛ አብሮን ሲሸከም ነበር። መኪናው የት እንደሚቆም ማን ያውቃል? እናንተ ታውቃላችሁ። አሁን እዚህ የተቀመጣችሁት ታውቃላችሁ። ለማን ነገራችሁ?

አንጓች ዛሬም በየማለዳው ከእንስራዋ በፊት ወደ መደቡ ትሄዳለች። ልጅቱ ተኝታ እያለች ጎንበስ ብላ አንገቷን ታያለች። «እማ፣ አለሁ እኮ!» ትላታለች ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እንደው ነው፣ ተኚ» ትላታለች።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ ቀባሪ አያሳጣችሁ ይላሉ። አሜን፤ አያሳጣችሁ። ግን ከቀባሪው በፊት፣ በጉሙ ውስጥ መንገዳችሁን ዘግቶ የሚመልሳችሁ አያሳጣችሁ። እናንተንም ለሌላው እንዲያ ያድርጋችሁ።

በሉ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ወደየቤታችሁ ሂዱ። ስትገቡ የልጆቻችሁን አንገት እዩ።