ቸኮል ጠጅ የጣለ ጊዜ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

አይ፣ ዛሬስ ላም የለችበትም። የንብ በረት በሉኝ። ተረት ተረት።

የንብ በረት።

ጎሽ። እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉት።

በድሮ ዘመን፣ ማር በጉንዶ በሚሰፈርበት ጊዜ፣ ዋንዛ በር በሚባል አገር ቸኮል የሚባል ንብ አናቢ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሱ ማር ይቆርጣል፣ እሷ ጠጅ ትጥላለች። የአንጓች ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ ሰው ወሬውን ያቆም ነበር። ያኔ ጠጅ እንደ አሁኑ ስኳር አያውቅም፣ ልጆቼ። ማርና ውኃ፣ ጌሾና ትዕግሥት ብቻ ነው። አይ ጊዜ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ደብሪቱ። ደብሪቱ ጠጅ አጣጣል ልማር እያለች እናቷን ትጠይቃለች። እናቷም፦ «ምን አጣደፈሽ፣ ከርሞ አሳይሻለሁ» ትላታለች። ከርሞ ሳይደርስ አንጓች በሐምሌ ታመመችና በነሐሴ ሞተች።

ዓመቱ ዞረ። ሐዘኑ ወጣና የደብሪቱ ሰርግ ለጥር ተቆረጠ። ጎረቤቶች መጡ፦ «ጠጁን እኛ እንጥልልሃለን» አሉ። ቸኮልም እሺ ሊል ነበር። ደብሪቱ ግን ማታ ራት ሲበሉ እንዲህ አለችው፦ «አባዬ፣ የእናቴን ጠጅ የሚመስል ከሌለ ጠጁ ይቅር። ሌላ አፌ አይገባም።»

ቸኮልን እንቅልፍ አልወሰደውም። የአንጓችን እጅ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ብርቄ የምትባል ባልቴት ናት። እሷና አንጓች በልጅነታቸው ከአንዲት ሴትዮ፣ በአንድ ጋን ላይ ጠጅ ተምረዋል። ግን ተኳርፈው ነበር። አንድ ጊዜ በማኅበር ላይ ብርቄ የአንጓችን ጠጅ ቀምሳ በሰው ፊት፦ «ጌሾው በዝቶበታል» አለች። ይኼው ነው። በዚች ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ሲነጋ ቸኮል ወንዙን ተሻገረና ብርቄ ደጃፍ ቆመ።

«እመት ብርቄ፣ ለልጄ ሰርግ ጠጅ ይጣሉልኝ» አለ።

ብርቄም፦ «የአንጓችን ጋን እኔ አልነካም» አለችው። «ቀብሯ ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ አልቅሼ ነው የተመለስኩት። በቁሟ ይቅርታ ያልጠየቀ እጅ ጋኗን አይደፍርም። ግን አፌ አለ። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጣለው።»

«እኔ ወንድ ነኝ፣ እመት ብርቄ። ማጀት ገብቼ አላውቅም።»

«እንግዲያውስ ልጅህን በውኃ ዳራት።»

ቸኮል እሺ አለ። በማግሥቱ ብርቄ መጣችና ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጋኑን እጠብ» አለችው።

«ታጥቧል።»

«ማን አጠበው?»

«ዝናብ።»

«ራስህን አስገባና አሽትተው። ምን ይሸታል?»

ቸኮል አሸተተና፦ «አሮጌ ጠላ» አለ።

«ጠጅህም አሮጌ ጠላ ይሸታላ። ግራዋ ቆርጠህ ና።»

በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ አሸው፤ እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያም ጋኑን ፀሐይ አስመታው፤ በወይራ ጭስም አጠነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያየዋል። አባ ገላግሌ የሚባል ሽማግሌ ነበረ፤ ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። እሱ ከሁሉ አብልጦ ሳቀበት፦ «ቸኮል፣ ቀሚስ እንግዛልህ ወይ?» አለው። ቸኮል ጋኑን ማጠኑን ቀጠለ።

«አሁን ማሩን አምጣ» አለች ብርቄ። «አንድ ቅል ማር፣ ሦስት ቅል ውኃ። በዓይንህ አትስፈር። ማር ከሥር ተኝቶ እንዳይቀርብህ በእጅህ ዳብሰው።»

ቸኮል ሁለት ጉንዶ ማር ነበረው። አንዱን በጠበጠ። እጁ ከጋኑ ሥር ማሩን ሲያገኘው እንደ ጭቃ ነበር፤ ቆይቶ ቀለጠና ብርዝ ሆነ። በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። በሦስተኛው ቀን ሰፈፉ ወደ ላይ ወጣ፤ እሱንም ገፈፈ። ከዚያም ብርቄ ጌሾውን አስከተከተችው፤ ከጥቂት ብርዝ ጋር አስቀቀለችው።

«ይኸን አቀዝቅዘህ ወደ ጋኑ ትመልሰዋለህ» አለች። «ጣትህን ከተህ ቀዝቃዛ እስክትል ጠብቅ።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሷ እንደሄደች፣ ልጆቼ፣ አንዱ ቀፎ መንጋ አወጣ። ንቦቹ ጮኸው ተነሡና ወደ ገደሉ አመሩ። ንብ አናቢ መንጋ ሲያመልጠው እንዴት ይቀመጣል? ቸኮል ጌሾውን እንደ ጋለ ጋኑ ውስጥ ገለበጠና ሮጠ። መንጋውንም ከግራር ላይ ያዘው። ደስ ብሎት ተመለሰ።

በአምስተኛው ቀን ብርቄ መጣች፦ «ጆሮህን ጋኑ ላይ አድርግ። ምን ይላል?»

«ምንም አይል።»

«ፉጨት የለም? ማጉረምረም የለም?»

«የለም።»

በቅል ቀዳላትና ቀመሰች። ፊቷ ጠቆረ።

«ትኩሱን ነው የደፋኸው» አለችው። «ትኩስ ውኃ ቢደፉብህ አንተስ ትተርፋለህ? ጠጅም ነፍስ አለው። ገደልከው። ስምህን አደረግኸው፣ ቸኮል።»

ከሳምንት በኋላ ሆመጠጠ። ቸኮል ጠጁን በቅል እየቀዳ ከአጥሩ ኋላ ደፋው። የገዛ ንቦቹ መጡ፤ አንዣበቡበትና ሳያርፉ ሄዱ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንጓች ስትቀበር ያልወጣ ዕንባ ወጣ። ደብሪቱ አየችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ ተወው፤ በጠላ እዳራለሁ» አለችው።

«አንድ ጉንዶ ይቀረኛል» አለ ቸኮል።

እንደገና ጀመረ። ብርቄ ሳትነግረው ጋኑን አጠበ፤ አጠነ፤ ማሩን ሰፈረ። ጌሾው ተቀቅሎ ሲወርድ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ጣቱን እየነከረ ጠበቀ። ለካ አንጓች ጌሾ ስታበርድ እንዲህ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። እሱ በበሩ ሲያልፍ፦ «ምን ያስቀምጥሻል?» ይላት ነበር። አሁን ገባው። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ያስባል።

በሦስተኛው ቀን ጋኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቸኮል በሌሊት እየተነሣ ያዳምጠዋል። ጌሾውን በጊዜው አወጣና የጋኑን አፍ ገጠመው። ግን ታኅሣሥ ነበርና ውርጭ ወረደ፤ ሁለት ሌሊት ሣሩ ነጣ። ጠዋት ቢያዳምጥ ድምፁ ደክሟል። ሮጦ ብርቄን ጠራት።

ብርቄ መጣች። እንደ ወትሮዋ ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠችም። ገባችና ጋኑን አየችው። ከዚያም ጋቢዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጋኑን ጠቀለለችው፤ በሁለት እጇ አቀፈችውና ጉንጯን አስጠጋች።

«ብርድ ነው እንጂ አልሞተም» አለች። ቆይታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «አንጓች፣ ጌሾው አልበዛም ነበር» አለች። «ቀንቼ ነው።»

ቸኮል ይህን ሰማና ቀስ ብሎ ወጣ። ብቻዋን ተዋት።

በማግሥቱ ጋኑ እንደ ቀፎ ያጉረመርም ጀመር።

ጥር ገባ፣ ሰርጉም ደረሰ። ጠጁ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ በብርሌ ተቀዳ። የሙሽራው አጎት ግራዝማች ወንድይራድ አንድ ጊዜ ጠጣና ብርሌውን አስቀመጠ።

«ባለሙያዋ ማን ናት? ትምጣና እንመርቃት» አለ።

በዳሱ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቸኮል ዞረ። አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበርና። ቸኮል ተነሣ፦ «እመት ብርቄ በአፋቸው፣ እኔ በእጄ ነው የጣልነው» አለ።

አንዳንዱ አቀረቀረ፤ አንዳንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ግራዝማች ግን፦ «ሁለታችሁም ቅረቡ» አለና መረቃቸው። ብርቄ ብዙ ዓመት ለግብዣ ያልተጠራችበት ቤት ውስጥ፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።

ለሙሽራዪቱም ቀዱላት። ደብሪቱ ቀመሰችና ዕንባዋ ወረደ።

«የእናትሽን መሰለሽ?» አለቻት አጠገቧ ያለችው ሴት።

«አይደለም። የእናቴ እንዲህ አይመርም» አለች ደብሪቱ። ብርሌዋንም ጨለጠችና፦ «ድገሚልኝ» አለቻት።

ሰዉ ሲበተን አባ ገላግሌ ወደ ኋላ ቀረ። ቸኮልን ከዳሱ ማዕዘን አገኘው። አንገቱን ደፍቶ መሬት በበትሩ ይጭራል።

«ማር እኔም ቤት አለ» አለው። «እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም አይነካው፤ ደርቋል። ጋኗም እንደ ተደፋ ነው።»

ቸኮል ጠጋ አለው።

«ታሳየኛለህ?» አለ አባ ገላግሌ።

«ቅዳሜ ይምጡ» አለው ቸኮል። «ሲመሽ ከፈለጉ ሲመሽ ይምጡ፤ ሰው እንዳያይዎት።»

አባ ገላግሌ አሰበበት። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ ሰው በሰው ነው። በዚያን ዕለት ፀሐይ ወጣ ስትል፣ አባ ገላግሌ የሚስቱን ጋን እንደ ሴት በጀርባው አዝሎ፣ በገበያው መንገድ መካከል መጣ።

እኔም ሰምቼ ነገርኋችሁ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። ተረቴን ተቀበሉኝ፣ በብርሌ ቀድታችሁ አቀብሉኝ፤ ጠጅ ከሌለም ዳቦ አይጠላም።