የዘርፌ መኪናና የተቆለፈው መጽሐፍ

ተረት ላውጋችሁ፤ «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ።

ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ከተራራው ማዶ ወለደች። ዘርፌ አራሷን ልትጠይቅ፣ የልጅ ልጇን ልትታቀፍ ጓጓች። ናፍቆቱ እህል አላስቀምስ አላት። ወደዚያ አውቶቡስ አይሄድም፤ ያላት የሟች ባሏ አሮጌ መኪና ነው። መኪናው ደግሞ ማርሽ አልገባ አለ።

መካኒኩ ገዛኸኝ ጋ ሄደች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ መፍታቱስ ቀላል ነው፤ ጉዱ መግጠሙ ላይ ነው። የጥገና መጽሐፉን ሳላይ አልነካውም» አላት።

መካኒኩ አልፈታም፣ መኪናው አልሄደም፣ ዘርፌም ሕፃኑን አልታቀፈችም።

መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቷል፤ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት ተቆልፏል። ወደ ባለ ድረ ገጹ ደወሉ።

«የቅጂ መብቱ የደራሲው ነው። ሳናስፈቅድ ብንጭነው እንድናወርደው አደረጉን። እሳቸው ካልፈቀዱ አልከፍትም» አላቸው።

ባለ ድረ ገጹ አልከፈተም፣ መካኒኩ አልፈታም፣ መኪናው አልሄደም፣ ዘርፌም ሕፃኑን አልታቀፈችም።

ደራሲው ጋሽ አስረስ ይባላሉ። ዘርፌ ደወለችላቸው።

«አምጬ የወለድኩትን መጽሐፍ እንደ ሴት ልጅ ጠልፈው ወሰዱብኝ! አልፈቅድም!» ብለው ስልኩን ዘጉ። እኔን ብትጠይቁኝ እውነታቸውን ነው።

ደራሲው አልፈቀዱም፣ ባለ ድረ ገጹ አልከፈተም፣ መካኒኩ አልፈታም፣ መኪናው አልሄደም፣ ዘርፌም ሕፃኑን አልታቀፈችም። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኋላ ግን «ልጁ የተጠለፈችበት አባት በምን ይታረቃል?» አለች። በሽማግሌ ነዋ! ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው በቪዲዮ ስልክ ፊት ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ!» አሉ ጋሽ አስረስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለአገሬው ይስጡልን። ስምዎ ከሽፋኗ አይነሳም» አሉ ሽማግሌዎቹ።

የጋሽ አስረስ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ የናፈቀኝ እንዲህ በክብር የሚጠይቀኝ ሰው ነበር» አሉ። «ፈቅጃለሁ። ለሁሉም ክፍት ይሁን። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ደራሲው ፈቀዱ፣ ባለ ድረ ገጹ ከፈተ፣ መካኒኩ ፈታ፣ ደግሞም ገጠመ፣ መኪናው ሄደ፣ ተራራውንም እያቃሰተ ወጣው።

አራሷ እናቷን ስታይ እንባ ቀደማት። «እማዬ፣ ምነው እንዲህ ዘገየሽ?»

«የማንኳኳው በር በዝቶብኝ ነው፣ ልጄ። በይ ስጪኝ» አለችና ሕፃኑን ታቀፈች።

ተረቴ ቤቷ ገባች፤ የናፈቃችሁ ካለ እናንተንም ያድርሳችሁ።