በመስቀል ዋዜማ የተገኘ አልጋ

ወገኖቼ፣ አንድ መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ነበረ። አገሩ ጉራጌ፣ ሱቁ አዲስ አበባ። ሙያው የተመሰገነ ነው። ግን ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ መርፌው ላይ ክር አይገባለትም። ሲጠጣ እጁ ይረጋል፣ ቤቱ ይናጋል።

ይህ ሰው ተኝቶ ሊታከም የሱስ ማገገሚያ በር ስንት ጊዜ አንኳኳ! "አልጋ የለም፣ ተራ ይጠብቁ" ይሉታል። ታዲያ አልጋው መቼ ተገኘ? በመስቀል ዋዜማ! ነርሷ ደወለችለት። "አንዳንድ ታካሚዎች ለበዓል አገር ቤት እንግባ ብለው ወጡ። አልጋ አለ። ዛሬ ካልመጡ ግን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።"

ሰው ጥሎት የሄደ ቦታ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት ዲፕሎማ ያላቸው ሰባኪዎች አገር ስለገቡ ነው። ሌላ ጊዜማ "ወንበር ደርድር" ነው የምባለው። ይሁን! ሰው የተወውን ቦታ እግዚአብሔር ይሞላዋል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ጉራጌ ለመስቀል አባቱ ቤት ካልገባ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አባት ልጆቹን ሰብስቦ የሚመርቀው ያን ጊዜ ነው። አባትየው አቶ ዘርጋው ደግሞ አርጅተዋል። ለከርሞ መድረሳቸውን ማን ያውቃል? ታናሽ ወንድሙ ደግፌ ወደ መናኸሪያ ሊወስደው መጣ።

"አብደሃል እንዴ ጋሼ? ለመስቀል የቀረ ወይ ሞቷል ወይ ከስሯል ነው የሚባለው! አባባን ምን ልበላቸው?"

"ታሟል በላቸው።"

"ይሄ ደግሞ ሕመም ሆነ? ትንሽ ቀነስ አድርገህ ትጠጣለህ፣ ከበዓል በኋላ ትገባለህ።"

"ለገና ከበዓል በኋላ አልከኝ። ለፋሲካም እንደዚሁ። ዓምና ለመስቀል ደመራው ሥር ወድቄ ጋቢዬ ሲያያዝ በእጃቸው ያጠፉት አባባ ናቸው። ዘንድሮ የሚያጠፉበት ጉልበት የላቸውም፣ ደግፌ።"

ደግፌ ተቆጥቶ ብቻውን ተሳፈረ። ሰውየው ማገገሚያው ገባ።

ላብ አጠመቀው፣ እንቅልፍ ጠፋው፣ አልጋው ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ያመለጠውን ምርቃት ነው። "አባቴ ሳይመርቁኝ ቢሞቱስ?" እያለ ትራሱን ነከሰ።

የበዓሉ ሰሞን ሳያልፍ አንድ ሽማግሌ ማገገሚያው በር ላይ ቆሙ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ክትፎ ይዘዋል። አቶ ዘርጋው ናቸው!

"አባት፣ አዲስ የገባ ሰው አይጠየቅም" አላቸው ዘበኛው። "ምግብም አይገባም።"

"ልግባ አላልኩህም። ልጄ የቱ ጋ ነው የተኛ?"

"እዚያ መስኮቱ ጋ፤ ግን እኮ..."

"በል እንግዲያው ክትፎውን አንተ ብላው። በሞቴ!"

ዘበኛው ክትፎውን ታቅፎ ሲያመነታ ሽማግሌው ወደ አጥሩ ተጠግተው ተጣሩ።

"ልጄ! ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ፣ አባባ!"

"ደግፌ ታሟል አለኝ። የታመመ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ሐኪም ነው እንጂ! እጅህን ያጽናልህ!"

"አሜን!"

"ቤትህን ያቅናልህ!"

"አሜን!"

ይህ ሁለተኛው አሜን የአንድ ሰው ድምፅ አልነበረም። በየመስኮቱ አባት ያለውም የሌለውም ተነሥቶ ቆሟል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለልጃቸው የጀመሩትን ለሁሉም አደረሱት።

እናንተስ ወገኖቼ? "በዓሉ ይለፍና" የምትሉ ስንት ናችሁ? እኛ አገር በዓል የሚያልፈው መቼ ነው? መስቀል ሲወጣ ገና ይመጣል፣ ገና ሲወጣ ጥምቀት። "ከበዓል በኋላ" የሚባል ቀን እኔ አላየሁም። ቀብር ግን አይቻለሁ። "አንዲት መለኪያ ብቻ" እያላችሁ የምትቀዱስ? ቀብሩ ላይ ከፊት ቆማችሁ የምታለቅሱት እናንተው ናችሁ! አውቃችኋለሁ።

ጌታ የጎበጠችውን ሴት ያቃናት በሰንበት ነው። ያኔም "በሌላ ቀን ትምጣ" ያሉ አዋቂዎች አልጠፉም። እሷ ግን ቀና ብላ ሄደች።

ነገ ደመራ ነው። አልጋ ካለ ዛሬውኑ ሂዱ። ምርቃቱስ ትሉኛላችሁ? ምርቃት አጥር አያግደውም። እናንተ ብቻ ከውስጥ ሆናችሁ አሜን በሉ።