ምንጩን የዘጋው ቋጥኝ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ወደዚህ ይጠጋ፤ ወሬ ያለውም ወሬውን ይጨርስና ይምጣ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ለማንም አልደግምም። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» በሉኝ። ካላላችሁኝ ላሚቱም በረት አትገባ፣ እኔም አልጀምር። አላችሁ? እሰይ። እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ አውሬውም ሲገናኝ ከሰው የተሻለ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ ውስጥ አንዲት ምንጭ ነበረች። ትንሽ ናት፤ ግን በጋም ክረምትም አትደርቅም። ዝሆን ከእሷ ይጠጣል። ጎሽ ከእሷ ይጠጣል። አንበሳም ከእሷ ይጠጣል። ከእሷ ሌላ ውሃ የሚገኘው ከወንዙ ብቻ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ነው።

ከምንጪቱ አጠገብ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ እመት ቆቅ ትኖር ነበር። ሰባት ጫጩቶች ነበሯት። ከተፈለፈሉ ገና አምስት ቀናቸው ነው፤ ክንፋቸው አልጠና፣ እግራቸው ክር። ጠዋት ጠዋት ወደ ምንጪቱ ትወስዳቸዋለች፤ ጠጥተው ይመለሳሉ። ኑሯቸው ይኸው ነበር፤ ማንም ምንም አይላቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምድር ተንቀጠቀጠች። ከገደሉ አናት ላይ አንድ ቋጥኝ ተፈነቀለ። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ መጣና ምንጪቱ አፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ኧረ አፌን! ኧረ ታፈንኩ!» አለች ምንጪቱ ከሥር።

«ዝም በይ!» አላት ቋጥኙ። «ሺህ ዓመት ገደል አናት ላይ ስቀመጥ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሁሉም ያየኛል። እኔ ከዘጋሁ የሚከፍት የለም። ኃያል ማለት እኔ ነኝ!»

እንዲህ ያለውን እኔ በሰውም አይቻለሁ። በር ላይ ይቀመጥና ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ቀን ጫጩቶቹ ጮኹ። በሁለተኛው ቀን ጩኸታቸው ቀጠነ። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ጫጩት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። እመት ቆቅ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየች። ጫጩት የሦስት ቀን መንገድ አይሄድም፤ እናትም ልጇን ጥላ አትሄድም። ቋጥኙ ዛሬ ካልተነሣ ነገ ጫጩት የላትም።

በዚያው ጠዋት አውሬው ሁሉ በቋጥኙ ዙሪያ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ ዝሆን ብድግ አለ። «እኔ አነሣዋለሁ። ግን ይሄ ይታወቅልኝ፤ ካነሣሁት ምንጪቱ የእኔ ናት። ከእንግዲህ የምትጠጡት እኔን አስፈቅዳችሁ ነው።»

«ብቻ አንሣልን!» አሉት። የጠማው ሌላ ምን ይላል?

ዝሆን ግንባሩን አስደግፎ ገፋ። እግሩ መሬት ውስጥ ሰጠመ፤ ቋጥኙ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አያ ዝሆን» አለው ቋጥኙ፣ «እኔን እየገፋህ ነው ወይስ ግንባርህን እያከክህ?»

ቀጥሎ ጎሽ ተነሣ። «ዞር በሉ! እኔ ካነሣሁት ምንጪቱ የእኔ ናት።» ከሩቅ ተንደርድሮ መጣና በቀንዱ ጓ! አደረገው። የቀንዱ ጫፍ ተሰብሮ ወደቀ።

«ማነው የሚያንኳኳው?» አለ ቋጥኙ። «ባለቤቱ የለም በሉት!»

በመጨረሻ አንበሳ እየተጎማለለ መጣ። «እናንተ ያላችሁ ጉልበት ነው፤ እኔ ያለኝ ግርማ ነው። ምንጪቱም ድሮም የእኔ ናት» አለና አገሳ። ቅጠሉ ረገፈ። ጦጣዎች ከዛፍ ወደቁ። ሰባቱ ጫጩቶች ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሸቁ።

«ይቅርታ፣ አያ አንበሶ» አለ ቋጥኙ፣ «እኔ እኮ ጆሮ የለኝም።»

ጆሮ ከሌለው እንዴት መለሰ ትሉኝ ይሆናል። አትጠይቁኝ፤ ተረት ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ኃያላን አፈሩ። ሲያፍሩ ደግሞ ተቆጡ፤ «ድሮም ይሄ ውሃ አይጣፍጥም ነበር» ተባባሉና ወደ ወንዙ ሊሄዱ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ እመት ቆቅ ዘላ ቋጥኙ አናት ላይ ወጣች።

«አያ ዝሆን፣ አያ ጎሽ፣ አያ አንበሶ፣ አንድ ጊዜ ቁሙልኝ! እናንተስ ወንዙ ትደርሳላችሁ፤ የእኔ ልጆች ግን ማታን አያዩም። እኔ ጉልበት የለኝም፤ እናንተ አላችሁ። በእናታችሁ፣ አንድ ላይ ግፉት!»

ዝሆንና ጎሽ ተያዩ። «ከእሱ ጋር?» አለ ዝሆን። «ከእሱ ኋላ ልቆም?» አለ ጎሽ። ትንሿ ጫጩት ከቁጥቋጦው ሥር አፏን ከፍታ ተኝታ ባያዩዋት ኖሮ ሄደውም ነበር። አይተው ግን አዘኑና ተመለሱ።

ማዘናቸው ደግ ነበር፤ ክብራቸውን ግን ይዘው ነው የተመለሱት። አንዱ ከሌላው ኋላ መቆም አልፈለገም። ስለዚህ ዝሆን ከላይ በኩል ቆመ፣ ጎሽ ከታች በኩል ቆመ፤ አንበሳ ዳር ሆኖ ያያቸዋል። ዝሆን ወደ ታች ገፋ። ጎሽ ወደ ላይ ገፋ። ላባቸው እስኪንጠባጠብ ተጋፉ፤ ቋጥኙ መሀል ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ተመስገን!» አለ። «ግራና ቀኝ ትራስ አገኘሁ።»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። እውነት ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ከተጋፉ ግን መድኃኒትነቱ ለድንጋዩ ነው።

እመት ቆቅ ንድድ አላት። «በቃ!» ብላ ጮኸች። «እኔ እህል የምለቅመው ከሰው ማሳ ዳር ነው። የሰው ልጅን አይታችሁታል? ቀንድ የለው፣ ኩምቢ የለው፣ ጥፍሩም ራሱን ከማከክ አያልፍም። ግን ደቦ የወጣ ቀን ዳገቱን ሙሉ ቆፍሮት ይውላል። እንዴት አትሉኝም?»

«እንዴት?» አለ ጎሽ፣ የተሰበረ ቀንዱን እያሻሸ።

«አንዱ ዘፈኑን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አውራጁ ሲያወርድ ሁሉም ‹ሆ!› ይላል፤ በ‹ሆ› ጊዜ ዶማው ሁሉ እኩል መሬት ላይ ያርፋል። ደቦ ላይ ‹የእኔ› ብሎ ነገር የለም። ባላባትም ይሁን ባለጸጋ፣ ከአውራጁ በላይ የሚጮህ የለም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።»

«ታዲያ አውራጁ ማን ሊሆን ነው?» አለ አንበሳ።

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ?» አንበሳ ሳቀ። «አንድ ጉርሻ የማትሞይው?»

«ልክ ነው፤ ቢበሉኝ ቁርስም አልሆንዎት» አለች እመት ቆቅ። «ግን ጎህ ሲቀድ ቆላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ማነው? ድምፄ ቀጭን ነው፣ አያ አንበሶ፤ ሰዓቱን ግን አይስትም።»

ይህን የሚክድ አልነበረም። ሁሉም በአንድ በኩል ቆሙ። ዝሆን ግንባሩን ሰጠ፣ ጎሽ ትከሻውን ሰጠ፣ አንበሳ እያጉረመረመ ጀርባውን ሰጠ። ከርከሮና ዝንጀሮ በየክፍተቱ ገቡ። ሽኮኮና ጃርት ደግሞ ትንንሽ ድንጋይ ይዘው ከሥር ተጎነበሱ፤ ቋጥኙ ከፍ ባለ ቁጥር ተመልሶ እንዳይወርድ ታኮ ሊያደርጉበት። እመት ቆቅ ጉቶ ላይ ወጥታ አወረደች፦

«ብቻውን የገፋ፣»
«ሆ!»
«ጉልበቱ ከንቱ ጠፋ፤»
«ሆ!»
«አንድ ላይ የገፋ፣»
«ሆ!»
«የልጅ ጥም አጠፋ!»
«ሆ!»

ቋጥኙ ጣት ታህል ተነሣ። ሽኮኮ ታኮ አስገባ።

«ምንድነው?» አለ ቋጥኙ። «ማነው የሚኮረኩረኝ?»

እንደገና አወረደች፤ እንደገና ተቀበሉ። ቋጥኙ ክንድ ታህል ተነሣ። ጃርት ታኮ አስገባ። ከሥር ውሃው ቡልቅ፣ ቡልቅ ሲል ተሰማ። ምንጪቱ «በርቱ ልጆቼ! በርቱ!» አለች።

አንበሳ ይህን ሲሰማ ልቡ አበጠ። ቋጥኙን ያነሣው እሱ ብቻ መሰለው፤ አላስችል አለውና «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብሎ አገሳ።

የእመት ቆቅ ድምፅ በግሣቱ ተዋጠ። ዝሆን «ሆ!» የምትባልበትን ጊዜ ሳተ። ጎሽ ቀድሞ ገፋ። ዝንጀሮ ደንግጦ ለቀቀ። ቋጥኙ ታኮውን ሁሉ አድቅቆ ተመለሰና ዘፍ አለ፤ ሽኮኮ ለትንሽ እግሩን አዳነ።

ሁሉም ወደ አንበሳ ዞሩ። ቋጥኙ እንኳ አልቀለደም፤ ያ ክንድ ያህል መነሣት አስፈርቶት ነበር።

እመት ቆቅ ከጉቶው ወረደች። ትንሿን ጫጩት በክንፏ ደግፋ አንበሳ ፊት ቆመች።

«አያ አንበሶ» አለችው፣ «ልጄ ድምፅ አልቆባታል፤ የእርስዎ ድምፅ ደግሞ ተርፏል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ዋጥ ያድርጉልኝ። ማግሳቱንስ ማንም አንበሳ ያገሳል። ማግሳት እየቻለ ዝም የሚል አንበሳ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እሱን ካሳዩኝ፣ ኃያል ብዬ የምጠራው እርስዎን ነው።»

አንበሳ ቁልቁል ጫጩቷን አያት። ምላሷ ደርቋል። ዓይኗ ግን እሱን ያያል፤ ለመፍራት እንኳ አቅም የላትም። አንበሳ አፈረ። ላድበስብስላችሁ አልችልም፤ የአራዊት ንጉሥ በስምንት ቀን ጫጩት ፊት አፈረ።

ተመልሶ ትከሻውን ቋጥኙ ላይ አስደገፈና ቀስ ብሎ «አውርጂ» አላት።

እመት ቆቅ ጉቶው ላይ ወጣች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አውርዳ አታውቅም!

«ብቻውን የገፋ፣»
«ሆ!»
«ጉልበቱ ከንቱ ጠፋ፤»
«ሆ!»

አንበሳም «ሆ!» አለ። ከሌላው አልበለጠ፣ ከሌላው አልቀደመ፤ በቦታው «ሆ!» አለ።

«አንድ ላይ የገፋ፣»
«ሆ!»

ቋጥኙ ክንድ ተነሣ። ታኮ! ጉልበት ድረስ ተነሣ። ታኮ! ደረት ድረስ ተነሣ።

«ኧረ ተዉኝ! ኧረ ልወድቅ ነው!» አለ ቋጥኙ።

«የልጅ ጥም አጠፋ!»

«ሆ!»

ሄደ! ቋጥኙ ተገለበጠ፤ ቁልቁል ሃያ እርምጃ ያህል ተንከባሎ ከምንጪቱ በታች ካለው ሸለቆ ጠባብ ቦታ ላይ ተወሸቀ። ምንጪቱም ሦስት ቀን ያፈነችውን ትንፋሽ ለቀቀችው፤ ውሃው ወደ ሰማይ ፈነዳ! ዝንጀሮዎች እልል አሉ። ከርከሮ እስክስታ መታ፤ አያምርበትም ግን መታ። ዝሆንና ጎሽ ተቃቀፉ፤ «የእኔ» ያሉትን ረስተውት ነበር፤ ያስታወሳቸውም የለም።

ከዚያ ግን ሁሉም ወደ ውሃው ዞሩ። ውሃ ሲገኝ ማን ይቀድማል? ከጥንት ጀምሮ የሚቀድመው አንበሳ ነው። ሁሉም መንገድ ለቀቁለት። አንበሳ ወደ ውሃው ሄደ። አጎነበሰ። እመት ቆቅ ዓይኗን ጨፈነች።

አንበሳ ግን አልጠጣም። ጎፈሩን ውሃው ውስጥ ነከረው። ጎፈሩ እየተንጠባጠበ ወደ ቁጥቋጦው መጣና ሰባቱ ጫጩቶች ፊት ተኛ። ጫጩቶቹ ከእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ጠብታ ጠብታውን ለቀሙ። ሰባተኛዋ፣ ትንሿ፣ ሦስት ጠብታ ጠጣችና አንገቷን ቀና አድርጋ «ጲው!» አለች።

ያቺ «ጲው» ከግሣቱ ይልቅ ቆላውን አናወጠችው። አውሬው ሁሉ በአንድ አፍ «ኃያል! ኃያል!» አለ። እመት ቆቅም እያለቀሰች «ኃያል አያ አንበሶ!» አለች። አንበሳም «ኃያልስ አንቺ አውራጃችን ነሽ» አላት። ከዚያ ትንሹም ትልቁም ጠጣ። አንበሳ ሁሉም እስኪጠጣ ከዳር ቆሞ ጠበቀና የመጨረሻው ሆኖ ጠጣ። በዚያ ቆላ ከዚያን ቀን ወዲህ ወጉ ይኸው ሆነ፤ የሚቀድመው በጣም የጠማው ነው።

ቋጥኙስ? ቋጥኙ ጠባቡ ላይ እንደተወሸቀ አንገቱን ደፍቶ ቀርቶ ነበር። ከምንጪቱ የወረደው ውሃ ግን እሱ ጋ ደርሶ ቆመ። ተጠራቀመ፣ ተጠራቀመ፣ ቀን እስኪመሽ ሰፊ ኩሬ ሆነ። በነጋታው እመት ቆቅ ሰባት ልጆቿን አስከትላ መጣች፤ ቋጥኙ ጀርባ ላይ ቆመው ጎንበስ እያሉ ጠጡ።

«አልከበድንህም?» አለችው ትንሿ።

 ቋጥኙም እንዲህ አላት፦ «ሺህ ዓመት ከባድ ነበርኩ፣ ልጄ። ኃያል የሆንኩት ዛሬ ነው።»

ስለዚህ እናንተም ጉልበት ያለውን ሁሉ ኃያል ብላችሁ አትጥሩብኝ። የሚዘጋ ከባድ ነው፤ የሚያጠጣ ኃያል ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በውሃ አብሱ። ስትቀዱ ግን ከልጆቹ ጀምሩ፤ እኔ መጨረሻ ነኝ።