የፊታውራሪ መሸሻ ማጠንጠኛዎች

ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ፣ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሹም ነበሩ። መጀመሪያ የመንጠቆው ክር የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ከእንግሊዝ አስመጡና «ከዚህ ወዲያ ማጠንጠኛ የለም» አሉ። አጃቢዎቻቸውም ማሉላቸው። በዓመቱ የስዊድኑ ሲመጣ የእንግሊዙ ተናቀ። ዘንድሮ ደግሞ የጃፓኑ መጣና አጃቢዎቹ በእሱ መማል ጀመሩ። ጀልባ የሚቀዝፍላቸው ሰውዬ ብቻ ዝም አለ።

ዝምታው ፊታውራሪን ከነከናቸው። አንድ ቀን እንደ ወትሮው ባዶ እጃቸውን ከሐይቁ ሲመለሱ፣ ዳር በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ «አንተ! ከሦስቱ የቱ ይበልጣል? አሁኑኑ ተናገር፤ አለዚያ ሁለተኛ እዚህ ሐይቅ ላይ አትቀዝፍም!» አሉት።

ሰውዬው ጨነቀው። የጃፓኑን ቢያወድስ «ያኔ ተሳስተው ነበር» ማለት ነው፤ የድሮዎቹን ቢያወድስ «አሁን ተሳሳቱ» ማለት ነው። መቅዘፊያውን አስቀመጠና እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ ምኑን አውቄው! ዓሦቹ ግን ሦስቱንም እኩል ይወዷቸዋል፤ በአንዳቸውም ዘመን ከቤተሰባቸው የጎደለ የለም።»