በጥቅምት የጎደለው አምስተኛ

ባለፈው ሳምንት የማኅበራችንን የጉዞ ቦታ ስንመርጥ እጄን አውጥቼ «በጥቅምት እንሂድ» ስላችሁ ሳቃችሁ። ሳቃችሁ እኮ! የጉዞ ኮሚቴው ልዑልሰገድ «እማማ ትርንጎ፣ በጥቅምት ምን አለ?» አለኝ። ከኋላ ያለችውማ «ፊደል ስላልቆጠሩ የንግሡን ቀን ረስተውት ነው» ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ልጄ። የገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ መሆኑን አንቺ ሳትወለጂ አውቃለሁ።

ዛሬ መምህሩ ቀሩ፣ ሌላ ተናጋሪ አጣችሁ፣ ትዝ አልኳችሁ። እንግዲህ ስሙኝ።

አንድ ሰው ነበር። ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ያወድሰው ነበር። ከተማ ገባ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ቅዳሴውን ተወው። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት ሄዱ። ከዚያ አፈረ። ያፈረ ሰው ምን ያደርጋል? ይደበቃል። የት ይደበቃል? ሰው በበዛበት!

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ወደ አንዲት የገብርኤል ገዳም ይሄዳል። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እናንተም በታኅሣሥ ትወርሯታላችሁ። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ጃንጥላው ይጋጫል፣ ጫማ ይጠፋል። ሰውየው ስለቱን ያስገባል፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ማን አየው? ማንም። ማን «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለው? ማንም። ለእሱ ተመችቶታል። ለሚስቱ ግን አልተመቻትም። በእንቅልፍ ልቡ ቅዳሴ ሲያዜም የምትሰማው እሷ ናታ!

አንድ ዓመት ሚስቱን ጉልበቷን አመማት።

«ግፊያውን አልችለውም። ዘንድሮ በጥቅምት እንሂድ» አለችው።

«በጥቅምት ምን አለ?»

«ገብርኤል አለ። ወይስ እሱም ለታኅሣሥ ብቻ ነው የሚመጣው?»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው ሄዱ።

ሲደርሱ ቦታው ጭር ብሏል። ዝናቡ አባርቷል፣ ገብሱ አሽቷል። በሩ አጠገብ አንዲት መነኩሲት ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«መንገድ ጠፋችሁ እንዴ?»

«የለም እማሆይ፣ ልንሳለም መጥተን ነው።»

«በጥቅምት?» ትንሽ አሰበችና ሰፌዱን ወደ እነሱ ገፋ አደረገችው። «እንግዲያስ ቁጭ በሉ፤ ልቀሙ።»

እየለቀሙ ሳሉ የገዳሙ አባት መጡ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«እማሆይ፣ ነገ ቅዳሴ የለም። አንዱ ዲያቆን ታሞ ሐኪም ቤት ወሰዱት። አራት ብቻ ሆንን።»

መቼም ታውቃላችሁ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ካልሞሉ አይቀደስም። በታኅሣሥ ዲያቆኑ መቆሚያ አጥቶ ይጋፋል። በጥቅምት አንድ ሰው ጎድሎ እሑድ ያለ ቅዳሴ ሊያልፍ ነው!

ሰውየው ምስሩ ላይ አቀረቀረ። ምስሩ ውስጥ ቢገባ ደስ ባለው። ሚስቱ አየችው፤ ጠበቀችው።

«አባ» አለች፣ «ይኼ ባሌ ዲያቆን ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

«አልልም። ስንት ዓመት ዝም አልኩ።»

አባ ዞረው አዩት። «በተክሊል ነው የተጋባችሁ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ ክህነትህ አልፈረሰም፤ ምን ከለከለህ?»

«ተውኩት። ረሳሁት። ኋላ ደግሞ… አፈርኩ።»

«የተውከውን ማታ ትናዘዛለህ። የረሳኸውን አስታውስሃለሁ። ማፈሩን ለታኅሣሥ አቆየው፤ አሁን ሰው የለኝም» አሉና ሰፌዱን ከእጁ ተቀበሉት።

ማታ ተናዘዘ። ጠዋት ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ቆመ። ተራው ሲደርስ አባ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ተንሥኡ ለጸሎት!» አለ። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ የነበረችው ሚስቱ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሚስቱ፣ ያለ ማንም ድጋፍ ብድግ አለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ንግሡን አልናቅሁም፤ ምላሴ ይቆረጥ! ግን እስቲ ንገሩኝ፣ በታኅሣሥ ብትቀሩ ማን ያውቃል? በጥቅምት ብትቀሩ ቅዳሴ ይታጎላል። ጭር ያለ ቦታ ለማረፍ የሚሄድ አለ፤ ይሂድ። እኔ የምላችሁ ግን ጭር ያለ ቦታ ሰው ይፈልጋል ነው። አንተን ይፈልጋል። አንቺን ይፈልጋል።

ለቅሶ ቤቱስ? ድንኳኑ ሳለ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ንፍሮውን ትቆረጥማላችሁ። ድንኳኑ ሲነሣስ? ባሏ የሞተባት ሴትዮ ባዶ ቤት ስትቀር ማን በሯን አንኳኳ? ሁላችሁ የምትሄዱበትን ቀን ታውቁታላችሁ። ማንም የማይሄድበትን ቀን ማን ይያዝላችሁ?

አንተ ልዑልሰገድ! ጣራውን አትይ፤ እኔን እይ። በጥቅምት ምን አለ ብለህ ነበር። ልጅ ሳለህ በሰፈራችን ማርያም ስትቀድስ እናትህ በደስታ ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከምሰሶው ኋላ መቆም ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው? እንግዲህ ነገ ጠዋት ሂድና አውቶቡሱን ለጥቅምት ተከራይ። የቦታውን ስም ለሹፌሩ እነግረዋለሁ። የፊት ወንበር የእኔ ነው። አንተም ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ ሌላ ቦታ እንዳላይህ።